የዝምታው ወር ድራመሮች

እኔ በማስተዳድረው ግሩፕ ውስጥ ፍቅር ክልክል ነው። ደንቡን ከላይ ለጥፌዋለሁ፣ የገባ ሁሉ ያየዋል። ዕቃ መሸጥ የለም፣ የጸሎት መልእክት ከሌላ ቦታ እየገለበጡ መላክ የለም፣ መሽኮርመም ደግሞ ጭራሽ የለም። የምናወራው ስለ ኤሌክትሮኒክ ድራም ብቻ ነው። ኬብሉን የማይሆን ቀዳዳ ውስጥ ሰክቶ "ተበላሸብኝ" ብሎ የሚያላዝን አለ። ሲምባሉን፣ ያን የሚጮኸውን ሳህን፣ ገልብጦ ገጥሞ "ለምን አይጮኽም?" የሚል አለ። ትናንት የገዛውን ዛሬ በመስኮት ሊወረውረው የደረሰ አለ። ከሌጎስም፣ ከሎሜም፣ ከኩማሲም ይጽፉልናል። ፎቶ አንስታችሁ ላኩ እንላቸዋለን። አንዱ ያላወቀውን ሌላው ያውቀዋል፣ ተሰባስበን እናስተካክለዋለን።

እኔ ኮርኮር እባላለሁ። ዕድሜዬን በጥሩምባ ነፊዎች ብራስ ባንድ ውስጥ ድራም ስመታ ኖሬ፣ ጉልበቴ እምቢ ሲለኝ ይህን ግሩፕ ከፈትኩ። ሁሉም አክስት ኮርኮር ይሉኛል። ዞር ሲሉ ደግሞ ቁጡ ናት ይላሉ፣ ልክ ናቸው። እና ይህን ሁሉ ደንብ አውጥቼ፣ ዓይኔ እያየ፣ ሁለት ልጆች በእግር ፔዳል ጉዳይ ተዋደዱ።

ልጅቷ በግሩፑ ላይ ስሟ "የጓዳዋ" ነበር። መጀመሪያ የጻፈችው ይህን ነው፦ "እባካችሁ፣ እግሬ አንዴ ሲረግጥ ድራሙ ሁለቴ ይመታል። ዕቃው ነው ወይስ እኔ ነኝ?" ሰው ተንጫጫ። አንዱ ለሻጩ መልሺለት አላት። ሌላው ድራም ለሴት ይከብዳል ብሎ ጻፈ፣ እሱን ያኔውኑ ከግሩፑ አሰናበትኩት። ከዚያ "ባዶእግር" የሚባል ልጅ መጣ።

"አንቺ አይደለሽም። እግርሽን ረግጠሽ እዚያው ስለምታቆዪው የፔዳሉ መዶሻ ጎማው ፓድ ላይ ይንቀጠቀጣል። መቆጣጠሪያው ሳጥን ላይ የፓዱን ስሜት ትንሽ ቀንሺው፣ ከዚያ ረግጠሽ ልቀቂ። አትፍሪው።"

ብዙም ሳይቆይ መለሰች። "ተስተካከለ። ከሁሉም የጠቀመኝ ግን 'አትፍሪው' ያልከኝ ነው።"

ይህን ሳነብ አንድ ነገር ጠርጥሬ ነበር። ግን ምን ልበላት? ስለ ፔዳል ነው የተጻፈው።

ልጅቷ ሰናም ትባላለች፣ የፓስተር አግቤኮ ልጅ ናት፣ ወገናቸው ኤዌ ነው። ያኔ አላውቅም ነበር፣ ሁሉንም የነገሩኝ ከዚያ በኋላ ነው። የአባቷ ቤተ ክርስቲያን ከባሕሩ ዳር ነው፣ መኖሪያቸውም እዚያው ግቢ ውስጥ ነው። የሰናም ክፍል ከመድረኩ ጀርባ ያለች ጓዳ ናት። አንድ መስኮት አላት፣ መስኮቱ የሚያየው ግድግዳ ነው። እናቷ ስትሞት ልጅቷ ምግብም ወሬም እምቢ ስትል፣ ያን ኤሌክትሮኒክ ድራም ተሸክመው ያመጡላት ራሳቸው ፓስተሩ ናቸው። ይህን ማንም እንዲረሳባቸው አልፈልግም። ክፉ ሰው አይደሉም።

ነገሩ የከፋው በዝምታው ወር ነው። በአክራ ከጋ ሕዝብ ዓመታዊ በዓል በፊት ከበሮ አይመታም፣ ምድር ታርፋለች። ሰርጉ ያለ ባንድ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ያለ ድራም ነው። በእኛ ከተማ ኤሌክትሮኒክ ድራም የሚገዛ ሰው የበዛውም ለዚህ ነው። ማዳመጫህን ጆሮህ ላይ ደፍተህ ብትቀጠቅጥ ማን ይሰማሃል? ሁሉም እንዲህ ይመስለዋል። ባለፈው ዓመት ግን በወሩ ድራም ተመታ ተብሎ በፓስተር አግቤኮ ደጅ ጠብ ተነስቶ ነበር፣ የተወረወረ ድንጋይም ለጥቂት ነው ሰናምን የሳታት። ከዚያ ወዲህ ፓስተሩ ወሩ ሲገባ የብረት በሩን ይቆልፉታል፣ ቁልፉን ኪሳቸው ያስገባሉ። ሌላው ሰው በልመናም በምክንያትም ይወጣል ይገባል። ልጃቸውን ግን አያስወጧትም። "ድንጋዩ ራስሽን ቢመታ ኖሮስ?" ሲሏት ወደ ጓዳዋ ትመለሳለች። የሚወድህ ሰው ሲቆልፍብህ በማን ላይ ትጮኻለህ?

እና ለባዶእግር ትጽፍለታለች።

"ማዳመጫውን ሳደርግ ብቻ ነው ከዚህ ቤት የወጣሁ የሚመስለኝ።"

"እኔም ብዙ 'አይቻልም' ያለበት ቤት ነው የምኖረው" ይላታል። "ስልክ እንዳይጮህ፣ ጫማ እንዳይደረግ፣ ወደ ቀኝ እንዳይዞር። ድራሜን የምመታው ብርድ ልብስ ተከናንቤ ነው።"

ሲምባሉ ከፍ ይበል ዝቅ ይበል ብላ ፎቶ ትልክለታለች፣ ፎቶው ጥግ ላይ እጇ ይታያል። ሲምባሉ ደህና ነው ይላትና፣ "እጅሽ ላይ ያለው ጠባሳ ምንድን ነው?" ብሎ ይጠይቃል። ዘይት ነው፣ ሙዝ ስጠብስ ፈናጥቆብኝ ነው ትለዋለች። እሱ ደግሞ የፔዳሉን አቀማመጥ ሊያሳያት ፎቶ ሲልክ ባዶ እግሩ አብሮ ይመጣል። የግራ አውራ ጣቱ ጥፍር ጠቁሯል። "ምን ሆነህ ነው?" ትለዋለች። ጀልባ ስንጎትት ነው ይላታል። አያችሁ፣ ፊት ለፊት የሚተያዩ ሰዎች ዓይን ለዓይን ይፋጠጣሉ፤ እነዚህ ግን አንዱ የሌላውን እጅና እግር እያዩ ነው ልባቸው የጠፋው።

አንድ ቀን ስምህን ንገረኝ አለችው። እምቢ አላት።

"ስሜን ከነገርኩሽ ወገኔን ታውቂያለሽ። ስምሽን ከነገርሽኝ ወገንሽን አውቃለሁ። ከዚያ በኋላ እኔና አንቺ ብቻችንን አንሆንም። ትንሽ ጊዜ እንዲሁ ልውደድሽ።"

ይህቺን መልእክት ስታሳየኝ እኔ ራሴ መነጽሬን አውልቄ ጠረግኩ።

ከዚያ ያቺ ጥያቄ መጣች። ሰናም ግሩፑ ላይ እንዲህ ብላ ጻፈች፦ "ማዳመጫ አድርጌ ስመታ ጎረቤት ሊሰማኝ ይችላል?" ከግሩፑ ሰዎች ፎቅ ላይ የሚኖሩት ሁሉ ሳቁባት። እኛ ዘንድ ይህን ስህተት ያልሠራ የለም። እጅህ የሚመታው ጎማ ነው፣ ኮሽ አይልም። እግርህ ግን ወለሉን ነው የሚደበድበው፣ አንተ ጆሮህን ስለደፈንክ አትሰማውም እንጂ ከበታችህ ያለው ሰው ራሱን ይዞ ተቀምጧል።

ባዶእግር በውስጥ መስመር ጻፈላት። "ወለሉ ምንድን ነው? ፔዳሉ ወደየትኛው ግድግዳ ዞሯል? ከግድግዳው ወዲያ ማን አለ?"

ሁሉንም ነገረችው። ወለሉ ሲሚንቶ ነው፣ ፔዳሉ ወደ ኋላው ግድግዳ ዞሯል፣ ከግድግዳው ወዲያ ዓሣ በጢስ የሚያደርቁ አሮጊት አሉ። እሱም ምንም አልጠረጠረም። በባሕሩ ዳር ዓሣ የማታደርቅ አሮጊት ማን አለች?

"ሁለት ጣውላ ፈልጊ" አላት። "መሐላቸው የቴኒስ ኳሶች ደርድሪና ድራሙን ከላይ አስቀምጪው። ኳሶቹ ድብደባውን ይውጡታል፣ መሬቱ ጋ አይደርስም።"

"የቴኒስ ኳስ? እኔ ራሴ ከዚህ ቤት መውጣት ያቃተኝ?"

"እንግዲያው ብርድ ልብስ አጥፊና ከሥሩ አንጥፊው፣ እስከዚያ።"

አነጠፈች። ፔዳሉ ግን በረገጠችው ቁጥር እየተንሸራተተ ያመልጣት ጀመር። አርብ ከሰዓት በኋላ ተናደደችና ለአንድ መዝሙር ብቻ ብላ ብርድ ልብሱን አነሳችው፣ አንዱ መዝሙር ግን ሌላውን ጠራ።

አሮጊቷ ከግድግዳው ወዲያ በርጩማቸው ላይ ተቀምጠው ዓሣ ያገላብጣሉ። መሬቱ ከእግራቸው ሥር ልብ አውጥቶ ይመታ ጀመር። ተነስተው በቀጥታ ወደ ዉሎሞው ግቢ ሄዱ፣ ያን ወር ዝም በሉ የሚለውን ቃል ወደሚያወጣው የጋ የጥንት እምነት ነጭ ለባሽ ካህን ማለት ነው። ዉሎሞው ወንድሞቹንና የእህቱን ልጅ ላካቸው።

ሰናም ማዳመጫ ስላደረገች ሰዎቹ የብረት በሩን በግድ አስከፍተው ሲገቡ አልሰማችም። መጀመሪያ ያየችው የሚንቀሳቀሱ አፎች ነው። አባቷ ይጮኻሉ፣ ክንዳቸው ላይ ጨርቅ ያሰሩ ሰዎች መልሰው ይጮኻሉ። እሷ የሚሰማት ግን መዝሙሩ ነው። ማዳመጫውን ስታወልቅ ጩኸቱ ሁሉ አንድ ጊዜ ወረደባት። አፍራ አንገቷን ደፋች።

የሰዎቹ እግር ባዶ ነው። ከፊቷ የቆመው ሰው የግራ አውራ ጣት ጥፍሩ ጥቁር ነው።

ቀና ብላ ለማየት ጊዜ ወሰደባት። እሱ ፊቷን አላየም፣ የድራም ዱላውን የያዘ እጇ ላይ ነበር ዓይኑ፣ ጠባሳው ላይ። ከዚያ ተያዩ። አንደኛው ሰውዬ "አንሳው እንጂ፣ ምን ትገተራለህ?" ሲለው ጎንበስ ብሎ ኬብሎቹን አንድ በአንድ ነቀለ፣ እንዳይታጠፉም እየተጠነቀቀ ጠቀለላቸው። ለሰናም የመረራት ይህ ነው። ቢጎትተው፣ ቢሰባብረው ይሻላት ነበር። ያስተማራትን ዕቃ፣ በሚያውቀው እጅ፣ ቀስ አድርጎ ከፊቷ ወሰደው።

ሰዎቹ ሲወጡ ስልኳን አንስታ ጻፈችለት። "የትኛው ግድግዳ ነው ብለህ ጠየቅከኝ። አምኜ ነገርኩህ። እግዜር ይይልህ።" ብሎክ አደረገችው፣ ከግሩፑም ወጣች።

ቅዳሜ ጠዋት የበቆሎ ኬንኬዬን ከተጠበሰ ዓሣ ጋር አቅርቤ ልበላ ስል የባዶእግር መልእክት መጣልኝ። ረጅም ነበር።

"አክስት ኮርኮር፣ ደንብሽን ጥሻለሁ፣ ብታባርሪኝ መብትሽ ነው። መጀመሪያ ግን ይህን አንብቢልኝ። አሮጊቷ ቤት ስንደርስ አጎቶቼ ጆሮህን መሬት ላይ አድርግ አሉኝ፣ ድራም የማውቀው እኔ ነኛ። አደረግኩ። የጓዳዋ የምትልክልኝን ቀረጻ ሁሉ ሰምቼዋለሁ፣ አራተኛው ምት ላይ ትንሽ ትዘገያለች፣ እንደሚያመነታ ሰው። ያ ምት ከመሬት ሥር መጣ። እሷ ነበረች፣ የፓስተር አግቤኮ ልጅ። ይህን ሁሉ ጊዜ አንድ ግድግዳ ነበር መሐላችን። ተነሳሁና ፉፉ ነው አልኳቸው። ሰው በሙቀጫ የራት ፉፉውን እየወቀጠ ነው፣ እንሂድ አልኩ። አሮጊቷ 'ፉፉ በዚህ ምት የሚወቀጠው የት አገር ነው?' ብለው ሳቁብኝ። አጎቶቼ አልሳቁም። ተከትያቸው የገባሁት ሌላ ሰው እንዳይነካባት ብዬ ነው፣ ኬብሎቿን እንዳይበጥሱባት። ዉሎሞው በዝምታ ወር ዋሸህ ብሎ ወሩ እስኪያልቅ ከግቢ እንዳልወጣ አዞኛል፣ ስልኬንም ሊወስዱት ነው። ሸጠኝ ብላ እንድትኖር አታድርጊ። ሌላ ምንም አልለምንም። ኦዶይ እባላለሁ።"

ኬንኬው በረደ። ቀሚሴን ለበስኩና ከሰፈሬ ከካኔሺ ትሮትሮ ታክሲ ተሳፈርኩ።

ፓስተር አግቤኮ በበሩ ብረቶች መሐል አይተውኝ ከፈቱልኝ። በየለቅሶው ባንዳችን ስለሚጫወት ያውቁኛል።

"ኮርኮር፣ አንቺ ደግሞ ከነሱ ወገን ነሽ" አሉኝ፣ እኔም የጋ ሰው ነኝና።

"እኔ ከድራም ወገን ነኝ፣ ፓስተር።"

"ጥሩ ነው። እንግዲያው ነገ ነይ። የልጄ ጓዳ ድረስ ገብተው ዕቃዋን ወሰዱ። ማዳመጫ አድርጋ፣ ዝም ብላ፣ ማንንም ሳትነካ። እስካሁን ለሰላም ብዬ ተሸክሜያለሁ። ነገ ድምፅ ማጉያዎቹን ወደ ጎዳናው አዞራቸዋለሁ። ሌላ ድራም ተውሼ አምጥቻለሁ። ሰናም ትመታለች፣ ይስሙ።"

"ይመጣሉ እኮ።"

"ይምጡ።"

ሰናምን ጓዳዋ ውስጥ አገኘኋት። ድራሙ የነበረበት ቦታ ባዶ ነው፣ እሷ ግን ከወንበሩ አልተነሳችም፣ ፊት ለፊቷ ምንም በሌለበት ተቀምጣለች። ማን እንደሆንኩ ስነግራት ልትስቅ ሞከረች። "ከፎቶሽ የበለጠ ቁጡ ትመስያለሽ" አለችኝ።

መልእክቱን አነበብኩላት። ፉፉው ጋ ስደርስ እጇን አንስታ አስቆመችኝ።

"ፉፉ ነው አለ?"

"ፉፉ ነው አለ።"

"በዚያ ምት?"

"አሮጊቷም እንደዚያው ነው ያሉት።"

ሳቀች። ከልቧ ነው የሳቀችው፣ ከዚያ ሳቁ መንገድ ላይ ተበላሸና ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። አጠገቧ ተቀምጬ የቀረውን እስከ ስሙ ድረስ አነበብኩላት። ትከሻዋን አቀፍኩ።

"ለቤተሰቡ ዋሸላቸው" አለች። "ለእኔ ብሎ። እኔ ደግሞ እግዜር ይይልህ አልኩት።"

"አላወቅሽም።"

"እሱስ ግድግዳውን ሲጠይቀኝ መቼ አወቀ? ሳያውቅም ክፉ አላሰበብኝም። እኔ ነኝ ወዲያው ያሰብኩት።" አይኗን ጠረገች። "አክስት ኮርኮር፣ ነገ ምን ላድርግ? ከመታሁ ሰዎቹ ይመጣሉ፣ ድንጋይ ይወረወራል። አዶይ... ኦዶይ ነው ያልሽኝ? እሱ ደግሞ መሐል ነው የሚገባው፣ አሁን አውቄዋለሁ። ካልመታሁ አባዬ በምእመናኑ ፊት በገዛ ልጁ ይዋረዳል። እናቴ ከሞተች ወዲህ ከእኔ በቀር ማንም የለውም። አንዳቸውን ሳልጎዳ የምንቀሳቀስበት ቦታ የለኝም።"

ግሩፑ ላይ ለማንም ሰው መልስ አጥቼ አላውቅም። ፎቶ ላኪልኝ፣ የቱ ኬብል የት እንደተሰካ ልየው እላለሁ። እዚያ ጓዳ ውስጥ ግን የሚላክ ፎቶም የሚሰካ ኬብልም አልነበረም።

"ወንበሩ ላይ እቀመጣለሁ" አለች በመጨረሻ። "ከዚያ ወዲያ ያለውን አላውቅም።" አልፈረድኩባትም።

እሑድ አዳራሹ ጢም ብሎ ነበር። ድምፅ ማጉያዎቹ ጀርባቸውን ሰጥተውን በመስኮት ወደ ጎዳናው አፍጥጠዋል። ዘማሪዎቹ ዓይናቸው በር በር ያያል። ከውጭ የሰው ጉርምርምታ ይሰማል፣ አንድ ሁለት ሰው አልነበረም። ሰናም በውሰት በመጣው ድራም ኋላ ተቀምጣለች። ፊቷ ላይ ደም የለም።

ፓስተሩ ጸለዩ። ከዚያ ዞር ብለው "ልጄ፣ ጀምሪ" አሏት።

ዱላዎቹን አነሳች። እዚያው አየር ላይ ያዘቻቸው።

"ሰናም" አሉ እንደገና፣ ለስለስ አድርገው።

ዱላዎቹን መልሳ ፓዱ ላይ አስቀመጠቻቸው። ቀስ ብላ ነው ያስቀመጠችው፣ ያም ሆኖ ድምፅ ማጉያዎቹ ጠብ የምትል ድምፅ ወደ ጎዳናው ወረወሩ፣ ከውጭ ያለው ጉርምርምታ ወዲያው ወደ ጩኸት ተለወጠ።

"አልመታም አባዬ" አለች።

"ፈርተሽ ነው?"

"አዎ ፈርቻለሁ። ከአንተ ግን አይደለም። ድራሙን ያመጣህልኝ እንድተርፍ ብለህ ነው። ሰው እንድፈነክትበት አላመጣህልኝም።"

አዳራሹ ውስጥ አንዲት ሴት "ኧረ" አለች። ሰናም ከወንበሩ ተነስታ፣ በመሐላችን አልፋ፣ በበሩ ወጣች። እኔም በዚህ ጉልበቴ ተከተልኳት።

የብረት በሩ ተቆልፏል። ከበሩ ወዲያ ጎረምሶቹ፣ ዓሣ አድራቂዋ አሮጊት፣ ክንዳቸው ላይ ጨርቅ ያሰሩት አጎቶች፣ ሁሉም አሉ። በእነሱና በበሩ መሐል ጀርባውን ለእኛ የሰጠ፣ ነጭ ጨርቅ ያገለደመ ልጅ ቆሟል። እጆቹን ዘርግቷል። እንዳይወጣ ከታዘዘበት ግቢ ወጥቶ መጥቷል። አጎቱ "ዞር በል" ይለዋል፣ እሱ አይነቃነቅም።

"ባዶእግር" አለች ሰናም።

ትከሻው ሲደነግጥ አየሁት። ዞረ።

"ድምፅሽ እንዲህ ነው?" አለ።

"እንዲህ ነው።"

ሁለቱም ወደ በሩ ተጠጉ። ለሁለቱም የሚሆን ክፍት ቦታ ብረቱና ብረቱ መሐል ያለው ብቻ ነው። እጇን አስገባች፣ እሱ ግን አልያዘውም፣ ጠባሳውን በአንድ ጣቱ ነካው።

"ግድግዳውን የጠየቅኩሽ..."

"አውቃለሁ። ፉፉ ነው ብለሃል።"

"መጥፎ ውሸት ነበር።"

"በጣም መጥፎ ነበር" አለች፣ እንባዋ እየወረደ። "የላክሁልህን ቃል ልመልሰው እፈልጋለሁ።"

"እኔ ግን አንዱንም ቃልሽን አልመልስም፣ እሱንም ቢሆን። ስሜ ኦዶይ ነው።"

"ሰናም።"

ስም ተለዋወጡ። እሱ የፈራው ነገር እዚያው ሆነ። ከወዲያ ሰው "የኤዌ ልጅ ናት፣ የፓስተሩ ልጅ" ሲል፣ ከወዲህ ደግሞ "የዉሎሞው ወገን ነው" ሲሉ ሰማሁ። ሁለቱ ግን እንዳልሰሙ ሆኑ።

ፓስተር አግቤኮ ደረሱ። ምእመናኑ ከኋላቸው ጎረፉ። ያልተነገረውን ለመረዳት ብዙ አልፈጀባቸውም፣ የልጃቸው እጅ በብረቱ መሐል እንዳለ አዩ። ፊታቸው ላይ መጀመሪያ ቁጣ፣ ቀጥሎ ሌላ ነገር መጣ፣ ብቻውን የቀረን ሰው የሚይዝ ዓይነት ፍርሃት።

"ሰናም" አሉ። "ይህን ሰው ታውቂዋለሽ?"

አሮጊቷ አፋቸውን ያዙ። እኛ ዘንድ፣ ጋም ሆነ ኤዌ፣ ሴት ልጅ ስትጠየቅ ሽማግሌዎች መጥተው በር ያንኳኳሉ፣ አባት ልጁን በሰው ፊት አቁሞ ይህንኑ ቃል ይጠይቃታል። ሦስት ጊዜ ይጠይቃታል። ሦስተኛውን አውቀዋለሁ ካለች አለቀ፣ የሚመልሰው የለም። ፓስተሩ የተናገሩት በንዴት ነው፣ ያን አስበው አይመስለኝም። ቃሉ ግን ከአፋቸው ወጥቷል።

"አውቀዋለሁ አባዬ" አለች።

"አንቺ ልጅ።" ድምፃቸው ወረደ። "ከዚህ ግቢ አልወጣሽም። ከየት ታውቂዋለሽ? እውነት ታውቂዋለሽ?"

"አውቀዋለሁ።"

ያኔ ገባቸው። ምን እንደጠየቁ፣ ስንት ጊዜ እንደጠየቁ። የሰውን ሁሉ ፊት አዩ። ኦዶይን አዩት፣ እሱም ዓይኑን አልሰበረም፣ ግን ጉልበቱን በትንሹ አጠፈ፣ ሽማግሌ ሳይዝ በባዶ እጁ የመጣ ሰው እንደሚያደርገው። ከኋላው አጎቶቹ ቆመዋል። አንዳቸውም የቤተ ክርስቲያን በር አያንኳኩም፣ ፓስተሩም ቢያንኳኩ አይከፍቱላቸውም። ይህን እዚያ የቆመ ሁሉ ያውቀዋል።

ሰናም ጠበቀች። አባቷ እጃቸውን ኪሳቸው ውስጥ አስገቡ፣ ቁልፉ ያለበት ኪስ ውስጥ። እጃቸው እዚያው ቀረ። ከንፈራቸው ተላቀቀ፣ ሦስተኛውን ሊጠይቁ ነው ብዬ ደረቴን ያዝኩ።

አልጠየቁም። ዞሩና ወደ አዳራሹ መራመድ ጀመሩ፣ ሰው ለሁለት ተከፍሎ አሳለፋቸው።

ሰናም ጀርባቸውን አየች። በሁለት እጇ ብረቱን ጨበጠችና፣ ማንም ሳይጠይቃት፣ ግቢውም ጎዳናውም እንዲሰማ አድርጋ፣

"አውቀዋለሁ" አለች።

አባቷ ባሉበት ቆሙ። ፊታቸውን አላዞሩም። እጃቸው አሁንም ቁልፉ ያለበት ኪስ ውስጥ ነበር።